ያዢልኝ ያለኝ ጠርሙስ

«እህት፣ ይቺን ያዢልኝ!»

እኔ ተቀምጫለሁ፣ እሱ ቆሟል። ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚሄደው አውቶቡስ የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሰው ዕቃ ይይዛል፤ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። በሹራብ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረ።

«ይከብዳል! ምንድን ነው?»

«ብቻ እንዳትጥዪው... ቤት እየቀየርኩ ነው። አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

ሳቀ። በዚያች ሳቅ አለቀልኝ፤ ምን አስዋሸኝ!

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው፣ እሱ አምሐ ይባላል። ሀንጋሪ የወይን ጠጅ አሠራር ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ሹራቡ ውስጥ ያለውን የነገረኝ ከተዋደድን በኋላ ነበር።

«ነጭ ወይን ነው፣ መምህሬ የሸለሙኝ። ቀለሙ ማር ይመስላል። አገሩ ብርዳም ነው፤ ውርጭ እስኪነካው ፍሬውን ከሐረጉ አይለቅሙትም። ያኔ ነው የሚጣፍጠው። የምከፍተው በሠርጌ ቀን ነው ጤናዬ... በሠርጋችን።»

እኛ ቤት መጠጥ አይገባም፤ ጴንጤ ነን። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ መጋረጃ ጋርደን፣ ሬዲዮ ከፍተን ነው የምንጸልየው። አባቴ አቶ ቦሩ ለዚሁ ስምንት ወር ታስሮ፣ «ከደገምክ አትወጣም» ተብሎ ነው የተለቀቀው። ይህን ለአምሐ ብነግረውና ቢሸሸኝስ? ፈራሁ፣ አልነገርኩትም።

ሽማግሌ ላከ። ከሦስቱ አንዱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጥሩነህ ነበሩ። አምሐ ያከበረን መስሎት ነው! ጠርሙሱንም ለሠርጋችን እንዲቆይ፣ ለአባቴ ስጦታ ብሎ በእጃቸው ልኮታል።

«አቶ ቦሩ፣ ልጅዎን ከሰጡን በዚህ እናጽናው» አሉና ጓድ ጥሩነህ ብርጭቆ አስያዙት። «መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ።»

አባዬ ከቀመሰ እምነቱን መካዱ ነው፤ እምቢ ካለ ደግሞ ራሱን አጋለጠ። ባዶውን ብርጭቆ እንደያዘ ከጓዳ አየሁት። ደሜ ፈላ! የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ እኔ ግን ወጣሁ።

«አባቴ አይጠጣም! ጴንጤ ነን። ሰው ሰብስቤ የማጸልየው እኔ ነኝ፤ እሱን ተዉት።»

«መጤ ሃይማኖት!» አሉ ጓድ ጥሩነህ።

«ወይኑስ መጤ አይደለም እንዴ? እሱን ልትጠጡት ነው!»

«ነገ ጠዋት ቀበሌ ትቀርቢያለሽ።»

«እቀርባለሁ!»

ጠርሙሱን አንስቼ ወጣሁ። አምሐ አጥሩ ሥር መልስ ይጠብቃል።

«እንካ ዕቃህን። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ነገ እታሰራለሁ። ሂድ!»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነዋ...»

ጠርሙሱን አልተቀበለኝም። አልፎኝ ገባ፣ ሙሽራ በማይገባበት ሰዓት ሽማግሌዎቹ መሀል ቆመ።

«ነገ እኔም አብሬያት እቀርባለሁ። ሚስቴ ናት!»

«ገና መች ተሰጠችህ?» ሲሉ ጓድ ጥሩነህ፣ አባዬ የታመመ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

«ሰጥቻለሁ!» አለ።

አሥራ ሰባት ቀን ታሰርን። እሱ በወንዶቹ፣ እኔ በሴቶቹ ክፍል። አምሐ ሥራውንም አጣ። ጠዋት ጠዋት ውኃ ስንቀዳ በአጥሩ ቀዳዳ እንተያያለን፤ ከዚያ ቀኑ ይቀለኛል። ሲሰለቻቸው ለቀቁን።

በወሩ በግቢያችን ተጋባን። የእሱ ዘመዶች ወይኑን ሲጠብቁ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ጠቆረ። አንዷ እህት ጠጋ ብላ «አሁን ሚስቱ ነሽ፣ ወይኑን አስደፊው» አለችኝ።

«አላስደፋም! ለእኔ ብሎ ታስሯል፤ ለእኔ ብሎ ይህንንም ያጣ?»

አምሐ ከፈተው። ለዘመዶቹ ቀዳላቸው፤ ለእኔ ብርዝ፣ ለራሱ አንድ ብርጭቆ ወይን ያዘ። ከዚያ ጠርሙሱን የሚያኖርበት አጣና ዞር ብሎ አየኝ።

«ያዢልኝ» አለኝ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ በነጭ የሙሽራ ቀሚሴ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩለት።