የሦስታችን ሰዓት

«የውጫሌ ሚኒባስ ከሌሊቱ ኔጌቲቭ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል!» ሙዓዝ በሳቅ ፈረሰ።

ኢልሀም ዞር ብላ የእየሩስን ስክሪን አየች። እውነትም «-1 ሰዓት» ይላል። ጉድ ነው!

ሦስቱ የሐይቅ ከተማ ልጆች ለትምህርት ቤታቸው አይሲቲ ክበብ አንድ ድረ ገጽ እየሠሩ ነው። ኢልሀም የዓሣ ገበያውን ገጽ ያዘች፤ እየሩስ የመኪና መነሻውን፣ ሙዓዝ ደግሞ የሶላትና የቅዳሴ ሰዓቱን። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት የሚቀይረውን ኮድ የጻፈችው ኢልሀም ናት። ስድስት መቀነስ ነው፣ አለቀ። ሁለቱም ከእሷ ኮፒ አድርገው ገጻቸው ላይ ለጠፉት። የሞከሩት ግን ሁልጊዜ በቀን ሰዓቶች ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ በኮምፒውተሩ አምስት ሰዓት ላይ የሚነሳ መኪና ማን አሰበ?

«አንተ ደግሞ ሳቅ! ያንተም የሱብሒ ሶላት ኔጌቲቭ አንድ ነው» አለችው እየሩስ።

ኢልሀም ቶሎ ገባት። ውጤቱ ከአንድ ካነሰ አሥራ ሁለት መደመር ነው። የራሷን ገጽ አስተካከለች፤ ጀልባዎቹ በሰላም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገቡ። ጎበዝ ናት፣ ራሷም ታውቀዋለች።

«የእኛስ?» አለች እየሩስ። «በየገጻችን ከምንለጣጥፍ ኮዱን አንድ ፋይል ላይ እናድርገውና ገጾቻችን ሁሉ ከዚያ እየጠሩ ይጠቀሙበት። አንዴ ሲታረም ለሁላችንም ይታረማል።»

«አንዱ ሲያበላሸውስ? የእኔም አብሮ ገደል ይግባ? የራሳችሁን ራሳችሁ አርሙ እቴ!» አለች ኢልሀም።

ነገ የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ሙነወር ገጾቹን ያያሉ። ገጹ እንከን የሌለበት ልጅ ደሴ ሄዶ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ያቀርባል። ኢልሀም ደግሞ ደሴን ከመስከረም ጀምራ ስትመኝ ነው የከረመችው። አሁን ማስተካከያውን ካልነገረቻቸው መሄዷ አይቀርም።

እየሩስ አልተቀየመችም። ጎንበስ ብላ የኢልሀምን ገጽ ስታይ ቆየች።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ማታ ላይ ጉድ ይሠራሻል። ገበያው የሚዘጋው በኮምፒውተሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት አይደል? ስድስት ሲቀነስ አሥራ ሦስት! ከምሽቱ አሥራ ሦስት ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?»

«ወላሂ!» ኢልሀም ግንባሯን መታች። «ቆይ፣ ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትዪ እኮ ነገ ቲቸር ፊት እዋረድ ነበር።»

«ስትዋረጂ ቁጭ ብዬ ልይ? ያምሻል እንዴ?» እየሩስ ከልቧ ተገረመች።

ኢልሀም አፈረች። ደሴ አሁንም ያምራታል፤ ውሸት ምን ይሠራል!

«ሙዓዝ፣ ሳቅህን ከጨረስክ ወንበርህን አምጣ» አለች። አዲስ ፋይል ከፈተች። ኮዷን ከገጿ ቆርጣ እዚያ አስገባችው። ከዚያ ተነሳችና ቦታዋን ለእየሩስ ለቀቀችላት።

«የማታውን አንቺ ጻፊው» አለቻት። «የእኔም ገጽ ኮዱን ከዚህ ነው የሚጠራው።»