የአቶ ኃይለ መስቀል የረቡዕ ምሳ

አቶ ኃይለ መስቀል ዳላስ አጠገብ ባለችው ሮውሌት ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1989፣ ጊዜውም ሁዳዴ ነበር። ውሻቸው ቦቢ ከወንበሩ እግር ጋር ታስሮ ያላዝናል።

ልጃቸው አይናዲስ ነርስ ናት። ጠዋት የስኳር መድኃኒታቸውን ኢንሱሊን የወጋቻቸው እሷ ነበረች። የሐበሻ ሐሜት ደግሞ የሀይዌይ ፍጥነት ገደብ አያውቅምና «በመርፌ ገደለችው» የሚለው ወሬ ዳላስን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ አይናዲስ መርፌ መያዝ አቅቷት ሥራዋን ተወች። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ዘነበወርቅን ጠራች። ዘነበወርቅ አዲስ አበባ የታወቀች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እዚህ አረጋውያን ትንከባከባለች። ማዕረጉ ቢቀርም ዓይኗ አልቀረም።

«እትዬ፣ ዶዙ ትክክል ነበር፤ ሦስቴ ቼክ አድርጌያለሁ። ግን ስኳሩ ወርዶ ነው የሞተው አሉኝ። ሶ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ምሳ በልተው ነበር?»

«ቦቢን ይዞ በእግሩ ይወጣና አዲሱ ጋ ይበላል።»

አዲሱ ውሻ ይዞ መቀመጥ በሚፈቀድበት የሐይቅ ዳር ቢራ ቤት አስተናጋጅ ነው።

«እንደወትሮው ውጭ፣ ፓቲዮው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው በርገር አዘዙ» አለ። «ሳህኑን ሳነሳ ባዶ ነበር። ልጃቸው እንደልማዷ ኮል አድርጋ ስትጠይቀኝም ጨርሰዋል አልኳት።»

«በሁዳዴ ሥጋ?»

«ማለቴ… እንደ ልጃቸው ጴንጤ ሆነዋል ብዬ ነዋ። አልጠየቅኩም።»

የሟቹ የእግር ጉዞ ጓደኛ አቶ ጥዑመልሳን ግን ዘነበወርቅንም፣ ቦቢን ይዛ አብራት የመጣችውን አይናዲስንም ቀና ብለው አላዩም። «ረቡዕ እኔ አልወጣሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነበር» አሉ። ሌላውን ሰው ሁሉ የሚነክሰው ቦቢ እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

እሑድ ዘነበወርቅ ሦስቱንም ፓቲዮው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የሐኪሙ ሪፖርት ሆዳቸው ባዶ ነበር ይላል። ሳህኑም ባዶ ነበር። በርገሩን የበላው ቦቢ ነው። አይናዲስ፣ እንዳይጾሙ ከልክለሻቸው ነበር?»

«ኢንሱሊን እየወሰደ ይጹም? ይገልሃል ብዬ ጮኼበታለሁ።»

«ስለዚህ የበሉ እየመሰሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። አዲሱ እንደሚነግርሽ ያውቃሉ። ቦቢንስ ማን አሰረው? አባትሽ አስረውት አያውቁም። ካንቺና ከአንድ ሰው በቀር ሌላ አያስነካም፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ነበርሽ። ወንበሩ ላይ የተከፈተ፣ ያልተቀመሰ ኮካ ተገኝቷል። ከፍቶ የማይጠጣ ሰው ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ነው። ጋሼ ጥዑመልሳን፣ ስንት ሰዓት ነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ። ሲንቀጠቀጥ ጣፋጭ ስጠው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ከፈትኩለት። ሃያ ደቂቃ ታገሠኝ፣ ጾሜን አታስገድፈኝ አለኝ። እኔም ጾሙን ማስገደፉን ፈራሁ። ኮካውን ይዤ ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። ራሱን ሲስት ውሻውን አስሬ ስልክ ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ አምቡላንሱ ቀድሞኛል። አንቺን በምን ዓይኔ ልይሽ? ሸሸሁ።»

«መርፌሽ አልገደላቸውም» አለቻት ዘነበወርቅ።

አይናዲስ አልሰማቻትም።

«እንደሚጾም ባውቅ ዶዙን እቀንስለት ነበር» አለች። «ቀላል ነበር እኮ። አንዴ ቢነግረኝ ይበቃ ነበር።»

«ሊነግርሽ ነበር» አሉ አቶ ጥዑመልሳን። «ፈራሽ።»