በኦርኬስትራ መሃል ፍጹም ቅጣት ምት

«ምራቅ ነው?»

የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነበር። ሌላው ሰው ፍቅሩን በአበባ ይጀምራል፤ የእኔ በጫማ ጀመረ።

የምነፋው ፍሬንች ሆርን ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ የናስ መሣሪያ። ሲነፉት ትንፋሽ ውስጡ ውሃ ስለሚሆን በየመሃሉ ገልብጦ ማፍሰስ ግድ ነው። የዚያን ዕለት የኦርኬስትራችን ልምምድ ላይ ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን እንግዳ ይዛ ከኋላዬ መቆሟን ሳላይ መሣሪያዬን ገልብጬ ውሃውን አፈሰስኩት፤ ወለሉ ላይ ሳይሆን የሚያብረቀርቅ ቡናማ ጫማ ላይ።

«ኧረ ምራቅ አይደለም! ትንፋሽ ነው... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላየሁዎትም!»

«ያንቺ ትንፋሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አላስጠርገውም» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ጫማዬን አርጥበሽ አንቱ የለም። አንተ በይኝ።»

ድምፁን ሳውቀው ክው አልኩ። እሁድ እሁድ ከአባቴ ራዲዮ የሚጮኸው የእግር ኳስ ኮሜንታተር ነው! ጎል ሲገባ ትንፋሽ ሳይወስድ ስለሚጮህ ሰው ሁሉ «ጎሮሮ» ነው የሚለው።

ሥራ አስኪያጇ እጇን አጨብጭባ ዝም አሰኘችን።

«ከዛሬ ጀምሮ ኮንሰርቶቻችንን መድረክ ላይ የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳዋል። ክላሲካል የምሁራን ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ካልሰበርነው ወንበሮቻችን ባዶ እንደሆኑ ይቀራሉ። ቦርዱ ደግሞ ግማሾቻችንን ሊቀንስ ነው።»

ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። በሙከራ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ቋሚ ልሁን ወይም ልሰናበት የሚወሰነውም በዚሁ የኮንሰርት ወቅት መጨረሻ ነው። ያም ሆኖ ቆሽቴ አረረ። ከንፈሬ እስኪደማ የተማርኩት ሙያ በኳስ ጩኸት ሊድን?

ፊቴን ባጠቁርበትም ሰውዬው አልተቀየመም። በየልምምዱ ከኋላዬ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው እንኳ ጥያቄው አያልቅም።

«የዚች መሣሪያ ቁልፏ እንዲህ ጥቂት ሆኖ ያን ሁሉ ድምፅ ከየት ታመጣዋለች?»

«ከከንፈር። በአንድ ቁልፍ ብዙ ኖታ ይወጣል፤ የትኛው እንደሚወጣ የምትመርጠው ከንፈር ናት። ትንሽ ከሳተች ኖታው ይሰነጠቃል። አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል።»

«እና የሚያስፈራሽ ቦታ አለ?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አይኖቹ ለወሬ የሚጠይቅ ሰው አይኖች አልነበሩም።

«የዚህ ሙዚቃ ሁለተኛ ክፍል ሲጀመር ሁሉም ዝም ይላል። እኔ ብቻዬን፣ ከዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ ከፍ ያለችውን ኖታ ቀስ ብዬ መያዝ አለብኝ። ስቀጠር ፈተና ላይ ስቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ እሷን ሳስብ እግሬ ቄጤማ ይሆናል... ለማንም እንዳትናገር!»

«ይሄማ ፍጹም ቅጣት ምት ነው!» አለ በአድናቆት።

በማግስቱ የከንፈር ቅባት ይዞልኝ መጣ። «መራጯን ተንከባከቢያት» ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሲሄድ ሳላስበው ፈገግ ብዬ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «እኔ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ ልጄ ቧንቧ ትነፋለች» እያለ በጓደኞቹ ፊት ይቀልድብኛል። አንድም ቀን ሊያየኝ መጥቶ አያውቅም፤ «እዚያ ሄጄ የት አባቴ ላይ አጨበጭባለሁ? መቼ እንደሚጨበጨብ አላውቅ» ይላል። ጎሮሮ እኛ ጋ መግባቱን ሲሰማ ግን ሙሉ ልብሱን አስተኮሰ።

«አባዬ፣ ለእሱ ነው ለእኔ የምትመጣው?»

«ለሁለታችሁም» አለ፤ ፊቱን አዙሮ።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የቡድናቸውን ሻርፕ ያንጠለጠሉ ጎረምሶች፣ ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። የሙዚቃ መሪያችን ሳል እንኳ የማይወድ ሰው ነው፤ ሻርፖቹን አይቶ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጎሮሮ ወደ መድረኩ ወጣ።

«ወገኖቼ! የዛሬው ጨዋታ አራት ክፍል አለው። ሁለተኛው ሲጀመር ግን ትንፋሻችሁን ያዙ። ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ አንዲት ሴት አለች። አያችኋት? ብቻዋን ናት። ተከላካይ የለ፣ አጋዥ የለ። ከፀጥታ ውስጥ አንዲት ከባድ ኖታ ልታወጣ ነው። በጸጉር ስንጥቅ ከሳተች አለቀ! ይሄ ፍጹም ቅጣት ምት ነው!»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

ለእሱ ብቻ የነገርኩትን! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ፀጥታው መጣ። የመሪው በትር ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሬ ትንቀጠቀጣለች...

ነፋሁ። ተሰነጠቀ።

«ኤጭ!» አለ ሕዝቡ፤ ልክ ኳስ አግዳሚ መትታ ስትመለስ እንደሚለው። ከሦስተኛው ረድፍ ደግሞ የማውቀው ድምፅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ተነሥቶ ጮኸ።

«አይዞሽ ልጄ!»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቀረውን እንባዬን እየዋጥኩ ነፋሁት።

ጎሮሮን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። እሱም ፈልጎኝ ሲሮጥ ነበር።

«ስሚኝ...»

«አንተን ነው የምሰማው? ለማንም አትናገር አላልኩህም?»

«መፍራትሽን አልተናገርኩም! ከባድ መሆኑን ነው የተናገርኩት። ሰው በኳስ ለምን ያለቅሳል? ምን ሊሳት እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። አንቺ ግን ያን ሁሉ ጭንቅ ይዘሽ ስትነፊ ማንም አያውቅልሽም። እንዲያውቁልሽ ፈለግኩ። አልሰማሽም? ስትስቺ እኮ አዳራሹ በሙሉ አብሮሽ ወደቀ!»

«አንተ አልወደቅክም!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ መቼ ትወድቃለህ? የሚመታው ሌላ ሰው፣ የሚስተው ሌላ ሰው፤ አንተ መጮህ ብቻ!»

ትቼው ሄድኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ተጠራን። መሪው፣ እኔና ጎሮሮ። ኮንሰርቱ በሚቀጥለው እሁድ ይደገማል፣ የቦርዱ ሰዎችም ይመጣሉ።

«ያቺን ቦታ ለክላሪኔት ነፊው እንስጣት» አለ መሪው፤ ሳያየኝ።

ለክላሪኔቱ ከተሰጠች ቦርዱ እኔን ለምን ያስቀራል? ገብቶኛል።

«እኔው እነፋታለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ ልልቀቅ» አለ ጎሮሮ በቀስታ። «ወይም አብሬ ልምጣና ዝም ልበል።»

«አንተ ዝም ካልክ ሰዉ ለምን ይመጣል?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ሁሉም እኔን አየኝ።

ሌሊቱን ሳስበው ነበር ያደርኩት። ከንፈሬን የሚያንቀጠቅጣት የምደብቀው ነገር ነው። አሁን ደግሞ ከተማው ሁሉ አውቆታል፤ ምኑን ልደብቅ?

«ይናገር» አልኩ። «ግን መሳቴንም ይናገር። ባለፈው ሳምንት ስታለች ይበላቸው።»

ጎሮሮ አመድ መሰለ። «እሱንስ አልችልም!»

«ባለፈው ጊዜ ሳልጠይቅህ ችለህ የለ?»

ሳምንቱን ሙሉ አላናገርኩትም። ሲመጣ እዞራለሁ፣ ሲያስል እሰማለሁ። ቅባቱን ግን አልጣልኩትም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ እቀባው ነበር።

እሁድ መድረክ ልንወጣ ስንል ከመጋረጃው ጀርባ ጎሮሮ ፊት ለፊቴ ቆመ። ክራቫቱ ተጣሟል።

«ያኔ ለምን እንደተናገርኩ ልንገርሽ። ስለ አንቺ ለአንድ ሰው ካላወራሁ ልፈነዳ ነበር። አንድ ሰው ስፈልግ አዳራሽ ሙሉ ሰው አገኘሁ... እወድሻለሁ።»

ልቤ ድንግጥ አለች። ግን መሣሪያዬን ደረቴ ላይ ይዤ ነበር።

«አሁን አይደለም» አልኩት። «አሁን ከንፈሬ ሥራ አለባት።»

ወደ መድረኩ ወጣ። ያ የሚያስተጋባ ድምፅ ሟሸሸ።

«ባለፈው እሁድ... ባለፈው እሁድ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስታለች። ያሳታት አፌ ነው፤ ሳላስፈቅዳት ተናገርኩ። ዛሬ ግን ንገራቸው ያለችኝ ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ድፍረት በየትኛውም ሜዳ አላየሁም።»

ሌላ ነገር አልጨመረም። እየተደናቀፈ ወረደ።

ፀጥታው መጣ። በትሩ ወደ እኔ ዞረ። ነፋሁ።

ወጣች! ንጹሕ፣ ክብ፣ ሙሉ ኖታ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ጎ...ል!» ብሎ አቀለጠው። ከዚያማ አዳራሹ ጉድ ሆነ! ፉጨት፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። ቫዮሊኖቹ ቢገቡም የሚሰማቸው የለም። መሪው በትሩን አወረደ። ሙዚቃው ቆመ። ወደ ሕዝቡ ሲዞር ሁሉም እንደ ተማሪ ጸጥ አለ። የቦርዱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ደስ ብሏችኋል?» አለ።

«አዎ!»

«እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም።» ወደ እኛ ዞረ። «እንደገና። ከሆርኗ።»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ምኑን ልሳቅ! ያገባሁትን ቅጣት ምት ዳኛው ይደገም አለ እኮ! እንደ ምንም ያገኘኋትን ኖታ እንደገና ከየት ላምጣት? ብስታት ደግሞ የመጀመሪያዋም አጋጣሚ ናት ይባላል። እንጀራዬ ሊሄድ ነው። አባቴ እጆቹን አፉ ላይ ጭኗል።

ግራ ገብቶኝ ወደ መጋረጃው ሳይ ጎሮሮን አየሁት። ስንት የዋንጫ ጨዋታ ያስተላለፈው ሰው ቁጢጥ ብሏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሁለት ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መስማት አልቻለም! ስለ እኔ ፈርቶ!

አንጀቴን በላው። ያን ጊዜ ወደድኩት፤ ወይም እንደወደድኩት ያን ጊዜ አመንኩ። ሳቄ መጣ፣ ሳቄ ሲመጣ ከንፈሬ ላላች። በትሩ ተነሣ።

ነፋሁ። ኖታዋ ከመጀመሪያዋም በልጣ መጣች። አሁን ማንም አላጨበጨበም። ያ ሁሉ ባለ ሻርፕ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። አባቴ እያለቀሰ ነበር።

ሙዚቃው ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። መሪው ወንበሮቹን አልፎ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

«ከቦርዱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ወንበሩ ያንቺ ነው» አለኝ።

ሥራ አስኪያጇም ከጎን ሆና በእንባ ራሷን ነቀነቀችልኝ። እኔ ግን ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር። ጎሮሮ የለም!

ኮሪደሩን ሮጥኩት። ትርፍ ወንበሮች የሚደረደሩበት ክፍል ውስጥ አገኘሁት፤ እጆቹ አሁንም ጆሮው ላይ ናቸው። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ገባ?» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን።

«አልሰማህም እንዴ?»

«የመጀመሪያውን ሰማሁ። ሁለተኛውን... አልቻልኩም። በሕይወቴ አንድም ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም፤ ይሄ አመለጠኝ!»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። አጠገቡ ቆምኩና ጎሮሮዬን ጠረግኩ።

«እሺ፣ ላስተላልፍልህ። ልጅቷ ተቀምጣለች። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። እግሯ ይንቀጠቀጣል።»

«ከዚያስ?»

«ዞር ስትል አንድ ሰው ወደ ግድግዳ ዞሮ ስለ እሷ ሲንቀጠቀጥ አየች። የእሷ መንቀጥቀጥ ቆመ። ነፋች። ገባ!»

«ገባ?»

«ገባ! ሕዝቡ ቆመ፣ ቦርዱ ቆመ፣ አባቷ አለቀሰ...»

ተጠግቶ እጄን ያዘ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጅቷ ያን ሁሉ ጭብጨባ ትታ ወደ አንድ ፈሪ ሰውዬ እየሮጠች መጣች። እወድሃለሁ ልትለው።»