የጠላቂው መነጽርና የተነከሰችው ፀሐይ

ሰልፊና ትባላለች። ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ከጀልባ ማሰሪያው ከፍ ብሎ፣ ቅርንፉድ ከሚሰጣበት ሜዳ አጠገብ ነው። አባቷ ጠላቂ ነው፤ ከባሕር ሥር ዛጎል ያወጣል። ታናሽ ወንድሟ ኦቤት ስድስት ዓመቱ ነበር። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው እንኳ አፉ ሥራ አይፈታም። እሷ በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ስትሮጥ ይሮጣል፤ ስትቀመጥ ይቀመጣል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ ልጆች፤ ኋላ ትፈለጋለች።

የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አሁን እናንተ በተቀመጣችሁባቸው የቤተ ክርስቲያናችን አግዳሚዎች ላይ እኔና የሰንበት ተማሪዎቼ ተሰብስበን ተማከርን። ሬዲዮው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጨረቃ አብዛኛውን የፀሐይ ክፍል ትሸፍናለች፣ ሁሉንም ግን አትሸፍንም ብሎ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ያቺ ሳትሸፈን የምትቀረው ቁራጭ ናት። ደብዘዝ ስላለች የዋህ ትመስላለች፤ ዓይን የምታጠፋው ግን እሷው ናት።

"የት ሆነን እንይ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጀልባ ማሰሪያው ላይ!" አለ ዮፒ። ዮፒን ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ሳይጠሩት አቤት ባይ ነበር።

"አይሆንም። ባሕሩ ራሱ ያንጸባርቃል።"

"እትዬ ዶርቺ፣ እናቴ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ውኃው ላይ ማየት ነው ብላለች" አለች ሰልፊና።

ይህ የደሴታችን የቆየ ልማድ ነው። የእኔም እናት እንዲሁ ትል ነበር። መልስ ልሰጣት ስል አባባ ዛካ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ መቺ፣ ከበሩ ላይ ሆነው ተናገሩ።

"የዱሮውን ግርዶሽ እኔም በሳፋ ውኃ ነው ያየሁት" አሉ። "ነይ እስቲ ልጄ፣ ቅረቢኝ።"

ሰልፊና ቀረበች። አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት።

"ጆሮሽ ይታየኛል። ፀጉርሽም ይታየኛል። ፊትሽ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን ጭስ ነው። ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ የአንዳቸውንም ፊት አላየሁም።"

ሰልፊና ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች።

ከዚያ ምክራችንን ቆረጥን። ሁላችንም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንሰበሰባለን፤ ፀሐይዋን ከጀርባችን እናደርጋለን። እያንዳንዱ ልጅ ሳጎ፣ ያን የዘንባባ ግንድ ዱቄት፣ የሚነፋበትን ወንፊት ከቤቱ ያመጣል። ወንፊቱን ከፍ አድርገን ስንይዘው በየቀዳዳው ትንሽ ፀሐይ እየሾለከች መሬት በዘረጋነው ነጭ ጨርቅ ላይ ታርፋለች። ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ከበሮው ሲመታ እናጎነብሳለን፤ ዳግመኛ እስኪመታም ቀና አንልም። ድሮ ከበሮ የሚመታው ፀሐይን የሚበላውን አውሬ ለማባረር ነበር።

"ዘንድሮ አውሬውን ተዉት" አሉ አባባ ዛካ። "ከበሮውን የምመታው ለእናንተ ነው።"

ስንበተን ግን ዮፒ ሰልፊናን ጎሸም አደረጋት። "እንደ ዶሮ መሬት መሬቱን ልናይ ነው! ኩት ኩት ኩት!"

ልጆቹ ሳቁ። ሰልፊና አልሳቀችም። ነገሩ ከነከናት።

አባቷ ራሱ ከእንጨት የቀረጸው፣ መስታወቱን በሙጫ ያጣበቀው የመጥለቂያ መነጽር አለው። ባሕር ሥር ሲገባ ጨው እንኳ አያሳልፍም። ሰልፊናም በልቧ፣ "ባሕር ያላሸነፈውን መነጽር ፀሐይ ታሸንፈዋለች?" አለች። መነጽሩን ከተሰቀለበት አውርዳ መስታወቱን በኩራዝ ጥላሸት አጠቆረችው። ዓይኗ ላይ አድርጋ መብራቱን ብታየው ጭልም አለባት። "በቃ፣ ይኸው" አለች።

ምስኪን! ጥላሸት ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ የሚያቃጥለውን አይመልስም። ዓይን ደግሞ ከውስጥ ሲቃጠል አያመውም፤ አይጮህም።

ሐሙስ ደረሰ። ልጆቹን ብቆጥር ሁለት ጎደሉ። እናታቸው ከቤት አስቀርታቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሰው ልኬ ማስፈለግ ነበረብኝ።

ሰልፊናና ኦቤት ከባሕሩ ዳር ካሉት ቋጥኞች ኋላ ነበሩ። ብርሃኑ መደብዘዝ ጀመረ። ባሕሩ እንደ አመድ ሆነ። ወፎቹ በጠራራ ቀን ዝም አሉ። ነፋሱ በረደ። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ከበሮው ድም፣ ድም፣ ድም አለ።

"ሰልፊ፣ እንሂድ። ፈራሁ።"

"ፈሪ! ምን ያስፈራሃል?"

"አባባ ዛካ እኮ..."

"እሳቸው መነጽር አልነበራቸውም!"

መነጽሩን አጠለቀች። ቀና አለች። እስከ ሃያ ቆጠረች።

"ውይ፣ ኦቤት! ልክ የተነከሰ ብስኩት!"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። መነጽሩን አውልቃ ለእሱ አጠለቀችለት፤ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። አባባ ዛካ እሷን እንዳደረጓት ማለት ነው።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"ምን ትመስላለች?"

"የተነከሰ ብስኩት" አለ ኦቤት።

"ለማንም እንዳትናገር።"

በማግስቱ ጠዋት ሰልፊና ነቃች። ኦቤት አጠገቧ ተኝቷል። ጆሮውን አየች፤ ፀጉሩን አየች። ፊቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጭስ ነበር።

ዓይኗን አሸችው። ጭሱ አልሄደም። ወደ ግድግዳው ስትዞር ተከትሏት ዞረ። ከዚህም የባሰ ነገር ትዝ አላት፤ እሱም አይቷል!

"ኦቤት! ተነስ! ይህን አንብብ!" መዝሙር መጽሐፏን ከፍታ ፊቱ ላይ ደቀነችለት። "መሀል ላይ ያለችው ፊደል ማን ናት?"

"እ... እ..."

"ንገረኝ!"

"አላውቃትም" አለ ኦቤት፣ ሊያለቅስ እየቃጣው።

ልጆች፣ ጭንቋ ይታያችሁ። አልታየችውም ይሆን? ወይስ ገና ስላልተማራት ነው? እሷ ራሷ እንዳታረጋግጥ ፊደሏ ለእሷም አትታያትም። አንድ ቀን ሙሉ እንዲሁ ቆየች። ምግብ አልበላ አላት። ኦቤት በደረጃው ሲወርድ እግሩን ሲያደናቅፈው ጩኸቷን ለቀቀችው። ማታ አባቷ ደጃፍ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች።

"አባዬ፣ በመነጽርህ ፀሐይ አየሁ። የኔን ተወው፤ ኦቤትን አድንልኝ! እኔ ነኝ ያሳየሁት!"

አባቷ ቁጡ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልተቆጣም፤ መረቡ ከእጁ ወደቀ እንጂ። ኦቤትን አቀፈው። ገና ሲነጋ ሁለቱንም ጀልባ ላይ አሳፍሮ ማዶ ወዳለው ሐኪም ቤት ቀዘፈ። ሰልፊና መንገዱን ሙሉ፣ "ጌታ ሆይ፣ የኔን ውሰድ፤ የሱን ተውለት" ትል ነበር።

ሐኪሟ መጀመሪያ ኦቤትን አየችው። በመብራት አየች፤ ደግማ አየች።

"የዚህ ልጅ ዓይን ደህና ነው" አለች።

"እንዴት ይሆናል? አይቷል እኮ!" አለች ሰልፊና።

ኦቤት ማልቀስ ጀመረ። "አላየሁም! መነጽሩ ውስጥ ጨፍኜ ነበር! ፈሪ እንዳትይኝ ነው አየሁ ያልኩሽ።"

ፈሪ ለእናቱ ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ የለ? ሰልፊና ወንድሟን እቅፍ አድርጋ፣ "እንኳን ፈራህ! እንኳን ፈራህልኝ!" እያለች ፊቱን በሙሉ ሳመችው። ፊቱ ግን አይታያትም ነበር።

ለእሷ መድኃኒት አልተገኘም። "በጊዜ ብዛት ይቀንስ ይሆናል" አለቻት ሐኪሟ። ወራት ሲያልፉ ጭሱ እየጠበበ ሄዶ የምስር ፍሬ አከለ። ከዚያ ወዲህ ግን አልቀነሰም።

ከሐኪም ቤት በተመለሱ ማግስት፣ እሑድ፣ እዚህ ፊታችሁ ባለው ቦታ ቆማ፣ የሆነውን ሁሉ ራሷ ተናገረች። አባባ ዛካ በዝግታ፣ "ልጄ፣ ከበሮዬን አልሰማሽውም?" አሏት።

"ሰምቼዋለሁ" አለች ሰልፊና። አልዋሸችም።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ዛሬ ሰልፊና ጥቅስ ስታነብ ከመሀል አንድ ፊደል ትጠፋባታለች። ያን ጊዜ ንባቧ ይቆማል። ኦቤት ከአጠገቧ ጎንበስ ብሎ ፊደሏን በጆሮዋ ይነግራታል፤ አሁን ሁሉንም ፊደል ያውቃል።

ልጆቼ፣ የሚወዱን ሰዎች "ተዉ" ሲሉን ማምለጫ ብልሃት አንፈልግ፤ አንድ ልጅ ሲያጠፋ የሚከተለውን ታናሽም ወደ ጥፋቱ ይዞ ይሄዳልና።