የጠላት ካፖርት

ስልኩ የተደወለው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ተዋናዩ ይኸነው ተገድሏል» አለ ደዋዩ። ኢንስፔክተር እመቤት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ስትደርስ ግን የመኪናዋን በር የከፈተላት ይኸነው ራሱ ነበር።

«የሞተው ምስጋናው ነው» አላት።

ደኑ ውስጥ ፊልም ይቀረጻል፤ አንድ ምሽግ ውስጥ ተረስተው በአንዲት ብርድ ልብስ ስለሚጓተቱ ሁለት ባላንጣ ወታደሮች የሚተርክ፣ እያሳቀ የሚያስመርር ፊልም። ይኸነው የጠላትን ወታደር፣ ምስጋናው የወገንን ይጫወታሉ። ሬሳው ምሽጉ ውስጥ ተዘርግቷል። ማጅራቱ በድንጋይ ተሰብሯል፤ ደሙን ግን የካፖርቱ ቆብ ውስጡ አስቀርቶታል። ካፖርቱ የጠላት ነው።

«ይህን ለምን ለበሰ?»

«ዛሬ ልብስ የሚቀያየሩበትን ትዕይንት ነበር የምንቀርጸው» አለች ዳይሬክተሯ አምሳለ። «ማለዳ ድንኳን ውስጥ እኔው አለበስኳቸው። ምስጋናው ቀድሞ ወጣ፤ እኔና ይኸነው ቃለ ተውኔት ስንለማመድ ቆየን። መቅረጫው ላይ አለ።»

እመቤት ቅጂውን አዳመጠች። አንዴም አልተቋረጠም።

የደወሉት ጥበቃው በዛብህ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጉሙ ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«እንዴት አገኙት ጋሼ?»

«በደረቱ ተደፍቶ። በካፖርቱ ይኸነው መሰለኝና ደወልኩ። ስጮህ እነ አምሳለ መጥተው ሲገለብጡት... ወንድሜ!»

እመቤት ሦስቱንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አምሳለና ይኸነው ካፖርቱን ማን እንደለበሰ ያውቃሉ፤ ደግሞም ከዚህ አልወጡም። ጋሽ በዛብህ፣ ተደፍቶ የተገኘን ሰው ማንም መጀመሪያ ይገለብጠዋል፤ ይተነፍስ እንደሆነ ያያል። እርስዎ ፊቱን ሳያዩ ደወሉ። ቁስሉ ቆቡ ሥር ነው፤ ከላይ ላየው የወደቀ እንጂ የተገደለ አይመስልም። ‹ተገድሏል› ማለት የሚችለው የመታው ብቻ ነው። እርስዎ የመቱት ይኸነውን መስሎዎት ነው።»



«ልጄን የገደሉት እንደዚያ የለበሱ ናቸው» አሉ በዛብህ። «ትናንት ልምምዳቸውን ቆሜ አየሁ። ይኸነው አሳቀኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር። የልጄን ገዳዮች ልብስ እያየሁ ሳቅሁ!»

ካቴና ሲገባላቸው ለመኑ፤ «ልብሱን አውልቁለት። እናታችን እንዲህ ሆኖ እንዳታየው።»

«ማስረጃ ነው ጋሼ። አሁን አይወልቅም።»

ይኸነው ጋቢውን ከሽማግሌው ትከሻ አንስቶ ወደ ምሽጉ ወረደና ካፖርቱ እንዳይታይ ሬሳውን አለበሰው። በዛብህ ይኸነውን ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም።