እምቢ ያለው ካዝና

ዘሃራ በርበሬውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ቀና ብላ ሳታየው አቀበለችው።

«የነገው አሰሳ ዛሬ ሆኗል» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ደንበኛዬ ናት። በል ሂድ፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ።»

ከሾላ ገበያ በእግሩ ወጣ። በሕቡዕ የሚሠራበት ድርጅት «ካስማ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ ግን የሚያውቁት አቶ ብርሃኑን ነው፣ የኢንሹራንስ ጸሐፊውን። ቤቱ ባለው ካዝና ውስጥ ሁለት የሲጋራ ወረቀቶች አሉ። የድርጅቱን ሰዎች የደበቁ የአሥራ አንድ አባወራዎች ስም ተጽፎባቸዋል። መጋቢት 1969 ነው። ወረቀቱ ከተገኘ አንዳቸውም አይተርፉም።

ቤቱ ሲገባ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መንገዱን በሁለቱም ጫፍ ዘጉት።

የካዝናውን መዘውር አዞረ። አሥራ አራት። ሃምሳ ሁለት። ሰባት።

አልከፈተም።

አንድ ቁጥር ጨምሮ፣ አንድ ቁጥር ቀንሶ ሞከረ። በሩን በጉልበቱ እየገፋ ሞከረ።

አልከፈተም።

እጁን ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። ካዝናውን የሌላ ሰው ንብረት ይመስል ከላይ እስከ ታች አየው። ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ክብ ሰሌዳ ሦስት ብሎኖች ይዘውታል። የሦስቱም ቀለም ተልጧል፤ ጠርዛቸው ያበራል።

ካዝናውን ከእሱ ሌላ የነካው ጋሽ ላጲሶ ብቻ ነው። የድርጅቱ ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ቅዳሜ «ላጽዳልህ» ብለው መጡ። ካስማ ወረቀቶቹን ኪሱ ከቶ ሻይ ሊያፈላ ወጣ። ሲመለስ ወረቀቶቹን ቦታቸው አስገብቶ ዘጋ። ቁጥሩን አልሞከረም። የሽማግሌን ሥራ ፊታቸው መፈተሽ ነውር መሰለው።

ልጃቸው ሃረገወይን ቀበሌ ከታሰረች ሁለት ሳምንቷ ነው።

አሁን ገባው። ሽማግሌው ሰሌዳውን አዛውረው የገጠሙት ካዝናው ተከፍቶ ወረቀቱ እንዳይጠፋ፣ እሱንም ከእነ ማስረጃው ለማስያዝ ነው።

የጎረቤት በር በሰደፍ ተደበደበ።

ቁጥሮቹ ስልሳ ናቸው። ብሎኖቹ ሦስት፣ እኩል የተራራቁ። ሰሌዳው ከተፈታ በኋላ ተዛውሮ ሊገጠም የሚችለው በሃያ ወይም በአርባ ቁጥር ብቻ ነው።

አርባ ጨመረ። አልከፈተም።

የራሱ የውጭ በር ተንኳኳ።

ሃያ ጨመረ፤ ከስልሳ ያለፈውን ከአንድ ጀምሮ ቆጠረው። ሠላሳ አራት። አሥራ ሁለት። ሃያ ሰባት።

ተከፈተ።

ወረቀቶቹን በውኃ ዋጣቸው። ካዝናውን ዘጋ፣ መዘውሩን አዞረና ሄዶ በሩን ከፈተ።

የአሰሳው መሪ በቀጥታ ወደ ካዝናው አመራ። «ክፈት።»

«ተበላሽቶብኛል፣ ጓድ።»

«ግድ የለም። ባለሙያ ይዘን መጥተናል።»

ጋሽ ላጲሶ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ቁጥሩ ስንት ነው፣ አቶ ብርሃኑ?»

ነገራቸው። ሽማግሌው ሃያ ጨምረው አዞሩና ከፈቱት። ውስጡ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ባዶውን መደርደሪያ ሁለት ጊዜ ዳበሱት።

«እዚህ ነበር» አሉ። «ከዚህ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ልጅህን ለማስፈታት የሰው ስም ታጠፋለህ?» አለ መሪው።

«እውነቴን ነው፣ ጓድ።» ወደ ካስማ ዞሩ። «ሃረግን ታውቃታለህ እኮ። ስንቴ ምሳ አቅርባልሃለች። አንድ ነገር በል።»

ካስማ አሥራ አንዱን አሰበ።

«አላውቃትም» አለ።

ሽማግሌውን እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው ወሰዷቸው።

በማግስቱ ዘሃራ አሥራ አንዱም ቤት እንደለወጡ ነገረችው። ስለ ሃረገወይን ሲጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «ሌሊት ወስደዋታል» አለች።

በሳምንቱ ኮተቤ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ካስማም ብርሃኑም መባሉን የተወ፣ የኮቱን ክርን ያስጣፈ ሰው ተራው ደርሶ ጸሐፊዋ ፊት ቆመ።

«ስም?»

«ካሳዬ።»

«የቤተሰብ ብዛት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እዚህ ሰፈር የሚያውቅህ ሰው አለ?»

«የለም።»

ጸሐፊዋ መዘገበችው። «የሚቀጥለው» አለች፣ ቀና ሳትል።