ለክፉ ቀን የተቀመጠ ባትሪ

«መስመሩ! መስመሩን ተመልከት!»

ካዝና ይህን ስትጮህ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ ከተማዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠፋች መጣች። መጀመሪያ የሱቆቹ ሰፈር፣ ቀጥሎ የውሃ ታንከሩ፣ በመጨረሻም መሃል ላይ ያለው ሆስፒታል ጨለመ። ሆስፒታሉ ሲጨልም ጨዋታው ያበቃል። «በ19ኛው ዙር ተሸንፋችኋል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ትናንትም አሥራ ዘጠኝ፣ ከትናንት ወዲያም አሥራ ዘጠኝ ነበር። ለውድድር ለመመረጥ የሚፈለገው ደግሞ ሃያ ነው።

«ባግ ነው» አለ ቱርቦ፣ አጠገቧ ባለው ኮምፒውተር ፊት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ። «ጌሙ ራሱ ሲሠራ የተበላሸ ነገር አለው። እኛ ምንም አላጠፋንም።»

«ባጉ ሁልጊዜ እኛን ብቻ ነው የሚያገኘን?»

«ዕድለኞች ነና።»

ካዝና ኪቦርዱን አንስታ አናቱ ላይ ብታሳርፍለት ደስ ባላት ነበር። ግን የትምህርት ቤት ንብረት ነው፤ በዚያ ላይ ሦስት ፊደል ጎድሎታል።

«የብርሃን ዘብ» የሚባለው ይህ ጨዋታ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ ጄኔሬተር ይተክላል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ባትሪ ይሞላል። ሌላው በዚያ ኃይል የሚሠሩ መድፎችን ይዞ ሽቦውን ሊበሉ ከሚመጡ የብረት ምስጦች ይከላከላል። ምስጦቹ በየዙሩ እየበዙ ይሄዳሉ። ሽቦ ሲቆርጡ መስመሩ እሳት ይተፋል። መስመሩ ላይ ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይቀልጥና ያ መስመር ብቻ ይጠፋል፤ ከሌለ ግን እሳቱ ሽቦውን ተከትሎ ዋናው ጄኔሬተር ድረስ ይሄዳል።

የካዝና እናት ኤሌክትሪሺያን ናት። ስለዚህ ካዝና ያለ ፊውዝ የተዘረጋ መስመር ስታይ ያልታሰረ የጫማ ክር ያየች ያህል ይጨንቃታል፤ በጨዋታው ውስጥም አንድ መስመር ሳታስቀር ሁሉንም በፊውዝ አጥራለች። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ቱርቦ ራሱ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳሉ አሥራ ሁለት አዳዲስ እርሳሶችን «ለክፉ ቀን» ብላ ሳትቀርጽ ዓመቱን ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ስታዞራቸው አይቶ ካዝና አላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። እሱን ቱርቦ ያሉት ደግሞ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ናቸው። ፈተና ላይ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ያከብባል። ግማሹን ጊዜ ልክ ይሆናል፤ የሚያናድደውም ይኼ ነው።

«አምስት ደቂቃ ይቀረናል» አለች ካዝና በር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ልጆች፣ እና የተቀመጠውን ካርታ ከፈተች። የዘረጋችው መስመር ከጨዋታ ጨዋታ እንደተቀመጠ ይቆያል። እያንዳንዱን ፊውዝ ቢጫ ቀብታዋለች። ይህንንም የወሰደችው ከእናቷ ነው። እናቷ በሰው ቤት ፊውዝ ባስገባች ቁጥር ቢጫ ናስትሮ ትጠቀልልበታለች፤ ሌላ ጊዜ ተጠርታ ስትሄድ ቢጫው ከሌለ ሌላ እጅ እንደገባበት በአንድ እይታ ታውቃለች።

መድፎቹ መስመር ላይ ቢጫ የለም። በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ ቀጥ ብሎ ተቀጥሏል።

«ቱርቦ፣ ይኼን መስመር ነክተኸዋል?»

«የቱን?»

«የመድፎቹን። ፊውዙ ወጥቷል።»

«እኔ መድፍ እንጂ ሽቦ ምን አውቃለሁ? ነገርኩሽ እኮ፣ ባግ ነው!» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከጠረጴዛው ሥር ግን ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲዋሽ ጉልበቱ እንደሚንቀጠቀጥ ካዝና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች።

ሦስት ቀን ሙሉ «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» እያለች በየደብተሯ ጀርባ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ስትስል የከረመችው እሷ ናት። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ምን ያድርግ፣ ጌሙ አፍ የለው። ከሽንፈቱ በላይ ውሸቱ ከነከናት። ቦርሳዋን አንስታ ምንም ሳትለው ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የፊዚክስ መምህሩ ጠሯት።

«የዘጠነኛ ‹ለ›ዋ ልጅ አጣማሪዋ ታሞባታል» አሏት። «ጎበዝ ናት፣ ሃያን አልፋለች። ከፈለግሽ ከሷ ጋር ልጻፍሽ። ነገ ጠዋት ከደወሉ በፊት ንገሪኝ፤ ከዚያ ስም አልቀበልም።»

ከዘጠነኛ ክፍል ለውድድሩ የሚላከው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። በውድድሩ የሚያሸንፉት ሁለት ልጆች የእረፍቱን ወራት ቴክኒክ ኮሌጁ ውስጥ እውነተኛ ሰርኪዩት ሲሠሩ ያሳልፋሉ። ካዝና ይህን ማስታወቂያ አሥር ጊዜ አንብባዋለች። ቱርቦ አንዴም አንብቦ አልጨረሰውም።

«እሺ ቲቸር» አለች። «ነገ እነግርዎታለሁ።»

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእናቷን የዕቃ ሳጥን መያዝ የእሷ ሥራ ነው። የዚያን ቀን የተጠሩት ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ነበር፤ በሳምንት ሦስቴ መብራት እየጠፋበት አማሯል።

«ኤሌክትሪሺያኑ የት አለ?» አለ አንድ ደንበኛ እነሱን ሲያይ።

«መንገድ ላይ ጥዬው መጣሁ» አለች እናቷ በርጩማውን እየሳበች። ይህን ጥያቄ በቀን አንዴ ትጠየቃለች፤ በየቀኑም አዲስ መልስ አላት።

ካዝና የስልኩን መብራት ወደ ፊውዝ ሳጥኑ አበራች። እናቷ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታችው። በፊውዙ ቦታ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ተወትፏል። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ሽታም ወጣ። የእናቷ ቢጫ ናስትሮ በቦታው የለም።

ልብስ ሰፊው ከሥር አንጋጦ እጁን አወናጨፈ። «እኔ እንኳን ልነካው አጠገቡም አልደርስ! የኤሌክትሪክ ነገር እፈራለሁ፣ እህቴ!»

ከሳጥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የአምስት ጣት አሻራ ታትሟል፤ ጨርቅ የሚያሰምርበት ጠመኔ ነው። ካዝና አሻራውን አየች፣ የሰውየውን ሰማያዊ ጣቶች አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። «አሁን ጉዱ ፈላ» አለች በሆዷ።

እናቷ አሻራውን ያላየች መስላ ወደ ሰውየው ዞረች። «ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚጠፋብዎት?»

«ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራሉ?»

«ያው መተኮስ ነዋ። የተሰፋው ይተኮሳል።»

«በአንድ ካውያ?»

ልብስ ሰፊው ሳል ያዘው። ቆየት ብሎ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጨርቅ ክምር ውስጥ፣ ሁለተኛ ካውያ አወጣ። «የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ወላጅ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ምን ላድርግ?»

እናቷ የጠቆረውን ፕላስቲክ ነቅላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ሌላ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ዩኒፎርሙም ቤቱም አይተርፉም ነበር» አለችው። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች፤ ለካውያዎቹ ብቻ ሌላ መስመር ዘረጋች፣ ለሁለቱም መስመሮች የየራሳቸውን ፊውዝ አስገባች፣ ሁለቱንም በቢጫ ናስትሮ ጠቀለለች።

ሲመለሱ ካዝና መታገሥ አልቻለችም። «እማ፣ ዋሽቶሻል እኮ! አሻራው ግድግዳ ላይ እያለ!»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላፋጠጥሽውም?»

«ባፋጥጠው ‹ይቅርታ› ይለኛል፤ እኔም ፊውዙን መልሼ እሄዳለሁ። ነገ ከሰዓት ሁለተኛው ካውያ ምን ላይ ሊሰካ ነው?»

«ውሸቱስ?»

«ውሸቱማ ያበግናል» አለች እናቷ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጨመረች፦ «እኔም መጀመሪያ ስሠራለት ስንት ካውያ እንዳለው አልጠየቅኩትም። ስቸኩል ነበር።»

ካዝና አልተዋጠላትም። ልብስ ሰፊው ደንበኛ ነው፤ ቱርቦ ግን ጓደኛዋ ነው፤ ጓደኛ እንደ ደንበኛ ሊዋሽ አይገባውም። እራት ላይ ለመምህሩ የምትናገረውን በልቧ ስታጠና አመሸች፦ «ቲቸር፣ ከዘጠነኛ ‹ለ›ዋ ጋር ይጻፉኝ።»

*

ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሉ ስትደርስ መምህሩ መስኮት እየከፈቱ ነበር።

«ወሰንሽ?»

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፣ ቲቸር።»

አምስቱን ደቂቃ የፈለገችው ማስረጃ ለመያዝ ነው። ቱርቦ ፊውዙን ሲነቅል በዓይኗ ልታየው፣ ከዚያም «ባግህ ይኸውልህ!» ልትለው። መጀመሪያ በአሥራ ዘጠኝ የተሸነፉበትን ጨዋታ በድጋሚ ማሳያው ከፈተች። «ከአጣማሪህ በኩል እይ» የሚል ቁልፍ አለ። ሦስት ሳምንት አብረው ሲጫወቱ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም።

ነካችው።

ከስምንተኛው ዙር ጀምሮ የቱርቦ መድፎች ቀይ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር፦ «ኃይል አነሰ»። አንድ መድፍ አንዴ ይተኩስና ሆዱ እንደጮኸ ሰው ቁጭ ይላል። ምስጦቹ ይመጣሉ፤ እሱ የደከመውን መድፍ እያጠፋ የተረፈውን ያበራል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። እሷ የመደበችለት ትንሹን ፊውዝ ነው፤ ብዙ እንዳይስብባት። ትዝ አላት። «ካዝና፣ ትንሽ ልቀቂልኝ» ብሏት ነበር። «ቆይ፣ ለመጨረሻው ዙር» አለችው። ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ «ቆይ» አለችው። ሦስተኛውን ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በአሥራ አራተኛው ዙር ቱርቦ ፊውዙን ነቀለና ወፍራሙን ሽቦ አስገባ። መድፎቹ ወዲያው ነፍስ ዘሩ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ያደረሳቸው ይኼው ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ የገደላቸውም ይኼው ነበር።

በስክሪኑ ጥግ የእሷ ባትሪ ቁጥር ይታያል፦ ዘጠና ሁለት በመቶ። ሱቆቹ ሲጠፉ ዘጠና ሁለት፣ ታንከሩ ሲጠፋ ዘጠና ሁለት፣ ሆስፒታሉ ሲጨልምም ዘጠና ሁለት። ክፉው ቀን መጥቶ ሄዷል፤ ባትሪው ግን አልሰማም።

«አየሽው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ቱርቦ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«አየሁት።»

«ባግ የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር፣ ሦስቴ። ‹ቆይ› አልሽኝ።»

«ፊውዝ ማውጣትህን ነው ያልኩህ!»

«እሱን ብነግርሽ ትገድይኝ ነበራ።»

«አሁንም አልረፈደም!»

ቱርቦ ሳቅ ሊል ሲል መምህሩ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። «ይኸው አምስት ደቂቃ አለቀ። ምን ልጻፍ? ከዘጠነኛ ‹ለ›ዋ ጋር ነው ወይስ ከዚህ ጋር?»

የቱርቦ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ካዝናን አያት፣ ከዚያ ወለሉን አየ። «የዘጠነኛ ‹ለ›ዋ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሳትነግሪኝ?»

ካዝና አፍራ ፊቷ ጋለ። ንዴቷም ገና አልበረደም። የዘጠነኛ ‹ለ›ዋ ልጅ ሃያን አልፋለች። ከሷ ጋር ኮሌጁ ቅርብ ነው፤ ከቱርቦ ጋር ግን እግዜር ይወቅ።

ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ካርታውን ከፈተች። ወፍራሙን ሽቦ ነቅላ ፊውዙን መለሰችው። ከዚያ ከባትሪው እስከ መድፎቹ አዲስ መስመር ዘረጋች፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ፊውዝ አስገባች። ማብሪያ ማጥፊያውን ልክ እንደ ልማዷ በራሷ በኩል ልትተክለው ነበር። እጇ ትንሽ ቆየና ጎትታ በእሱ በኩል አደረገችው።

«ፊውዙ ቀለም የለውም» አለችው ሳታየው። «አንተ ቀባው። የቀባኸውን ደግሞ ሳትነግረኝ ብትነቅል…»

«ገባኝ።»

ቱርቦ ቦርሳውን ጥሎ አጠገቧ ተቀመጠና ፊውዙን ሐምራዊ ቀባው። አስቀያሚ ነበር፤ ግን አላስቀየረችውም።

«ቲቸር፣ ከዚህ ጋር ይጻፉኝ» አለች። «ሃያን እርስዎ ባሉበት እንሞክር።»

መምህሩ ወንበር ስበው ከኋላቸው ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በቀላሉ አለፉ፤ ባትሪው ሰማንያ አራት ደረሰ። በስምንተኛው ዙር ምስጦቹ ከሁለት አቅጣጫ መጡ፣ መድፎቹም ቀይ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ቱርቦ አንዴ ዞር ብሎ አያትና ማብሪያውን ነካ።

ሰማንያ ሁለት። ሰባ ስምንት። ሰባ ሦስት።

ገና ስምንተኛው ዙር ነው፣ አሥራ ሁለት ይቀራል! የካዝና እጅ ወደ ማውሱ ሄደ፤ መስመሩን ለመቁረጥ አንድ ጠቅታ ይበቃት ነበር። ስልሳ ዘጠኝ። ሁለቱንም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባችና ተቀመጠችባቸው።